ሁለት ቁልፍ ያለው ካዝና፦ የሥራ ባልደረባን በልብ ወለድ ስለመሳል



ስለ ፍቅር አጻጻፍ ብዙ ተወያይተናል። ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል፣ ስለ ምልልስም እንዲሁ። እኔ ዛሬ የመጣሁት በውይይቶቻችን ውስጥ ቦታ ስላላገኘ ሰው ላወራ ነው፤ ስለ ሥራ ባልደረባ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በማለዳ ሰርቪስ ይሳፈራል፣ ሲመሽ ከዚያው ሰርቪስ ይወርዳል። በመሐል ያለውን ቀን የሚያሳልፈው ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ከተቀመጠችው ሴት፣ ፊት ለፊቱ ካሉት አዛውንት፣ በር ላይ ከሚቆመው ጥበቃ ጋር ነው። የሴትየዋን የጫማ ኮቴ ከሌላው ይለያል። ደመወዝ ሊደርስ ስንት ቀን ሲቀረው ብድር እንደምትጠይቅ ያውቃል። የአዛውንቱን ፊርማ ዐይኑን ጨፍኖ ሊስለው ይችላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሲገባ ግን ሚናው ጠባብ ነው፤ ወይ ወሬ አቀባይ ጸሐፊ ትሆናለች፣ ወይ ጨካኝ አለቃ ይሆናል፣ ወይ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚያፈቅራት ቆንጆ ትሆናለች።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳስብ አንድ ምክንያት ጎልቶ ይታየኛል። ብዙዎቻችን ለገጸ ባሕርያችን መሥሪያ ቤት እንሰጠዋለን እንጂ ሥራ አንሰጠውም። «ባንክ ይሠራል» ብለን እንጽፍና ከዚያ በኋላ ካፌ ውስጥ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ እናገኘዋለን። እጁ ቀኑን ሙሉ ምን ሲነካ እንደሚውል አይነገረንም። ሥራው ካልተጻፈ ደግሞ ባልደረባው ሊጻፍ አይችልም፤ ምክንያቱም ባልደረቦችን የሚያስተሳስራቸው መዋደድም መጠላላትም አይደለም። መዋደዱም መጠላቱም በኋላ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ያለው፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ዕዳውን የሚከፍል መሆኑ ነው።

ባንኩን ራሱን እንውሰድ። የአንድ ቅርንጫፍ ዋና ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም። ሁለት ቁልፍ አለው፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይይዙታል፣ ጠዋት ሲከፈትም ማታ ሲዘጋም ሁለቱ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። ደንቡ የወጣው ገንዘብ እንዳይጠፋ ነው። ለደራሲ ግን ይህ ደንብ ትልቅ ስጦታ ነው። ቁልፉን የያዙት ሁለት ሰዎች ለሦስት ወር ያልተነጋገሩ ይሁኑ። እሷ ለደረጃ እድገት ተወዳድራ ቀርታለች፤ ያለፈው እሱ ነው፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ግን ትበልጠዋለች። በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ተኮራርፈው፣ በተለያየ መንገድ ሄደው፣ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። እዚህ ግን በየማለዳው ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣

«ገባ?»

«ገባ።»

ይባባላሉ። ቁልፉ ማለታቸው ነው። የሦስት ወር ንግግራቸው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የእሱ ገንዘብ 10,000 ብር ይጎድላል። የጎደለውን የሚከፍለው ገንዘቡን የያዘው ሰው እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ጥበቃው የውጪውን በር ዘግቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሷ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ትታው ልትሄድ አትችልም፤ ያለ እሷ ቁልፍ ካዝናው አይዘጋም። ለጎረቤቷ ደውላ ልጇን እንድታመጣላት ትለምናለች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ ጣቷን ስፖንጁ ላይ ነካ አድርጋ መቁጠር ትጀምራለች። ከብዙ ዝምታ በኋላ የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያቺን እሽግ እስቲ እንደገና ቁጠራት።» እሱ ይቆጥራል። ስሕተቱ እዚያ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ደራሲ የሚወድቅበት ፈተና ይመጣል። ልታስታርቃቸው ትፈልጋለህ። እንባ፣ ይቅርታ፣ መተቃቀፍ ትጽፋለህ። እኔ አታድርጉት እላለሁ። በማግስቱ ጠዋት «ገባ?» «ገባ» ይበሉ። አንባቢ በዚያች ቃል ውስጥ የተለወጠውን ይሰማዋል። እሷ ያን ምሽት የረዳችው ስለወደደችው አይደለም፤ ካዝናው እንዲዘጋ፣ ልጇ ጋ እንድትደርስ፣ በመጨረሻም ጎበዝ ገንዘብ ቆጣሪ ስለሆነችና የተሳሳተ ሒሳብ እያየች መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። በሥራ ቦታ የሚደረግ ደግነት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ደራሲ ከውሕዱ ደግነቱን ብቻ ለይቶ ካወጣው ሰዎቹ ከሥራ ባልደረባነት ይወጡና የስብከት ምሳሌ ይሆናሉ።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ሩሲያዊው ደራሲ ጎጎል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1842 የታተመውን «ካፖርት» የሚባለውን ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አካኪ አካኪየቪች በፒተርስበርግ አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚገለብጥ ዝቅተኛ ሠራተኛ ነው። ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል፤ ወረቀት ቀዳደው «በረዶ ነው» እያሉ ራሱ ላይ ይበትኑበታል። ጎጎል እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ስለ ክፉ ሰዎች የተጻፈ ታሪክ ይሆን ነበር። እሱ ግን አካኪ ወረቀት እየዘነበበትም አንድ ፊደል ሳይሳሳት እንደሚገለብጥ ይነግረናል። ሰውዬው አፉን የሚከፍተው ክርኑን ገፍተው ጽሕፈቱን ሲያስተጓጉሉበት ነው። ስድቡን ችሏል፤ ሥራውን ሲነኩበት ግን አልቻለም። በዚህች አንዲት ዝርዝር ሰውዬውንም ባልደረቦቹንም አወቅናቸው።

ከዚያ አካኪ ስንት ወር ተርቦ አዲስ ካፖርት ያሰፋል። ባልደረቦቹ ይከቡታል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል፣ ካልጋበዝከን ይሉታል። እሱ ሲጨንቀው አንድ ሹም በእሱ ምትክ ሁሉንም ቤቱ ይጠራል። አካኪ ከዚያ ግብዣ ሲመለስ ነው በጨለማ ካፖርቱን የሚዘረፈው። ልብ በሉ፤ ለጥፋት የዳረገው የባልደረቦቹ ክፋት አይደለም፣ ደስታቸው ነው። ሰውዬው ከሞተ በኋላም መሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። በማግስቱ በወንበሩ ላይ ሌላ ጸሐፊ ይቀመጣል፤ የዚህኛው ፊደል ጋደል ያለ ነው። አንድ ሕይወት ለመሥሪያ ቤቱ የተረፈው ልዩነት የፊደል አጣጣል ብቻ መሆኑ ከማንኛውም የሐዘን ገለጻ ይልቅ ልብ ይሰብራል። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚገኘው ደግሞ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ነው፤ ጎጎል ራሱ በፒተርስበርግ ለጥቂት ጊዜ በጸሐፊነት ሠርቷል።

ሌላው ሩሲያዊ ቼኾቭ «ወፍራሙና ቀጭኑ» በምትባል አጭር ታሪኩ ሁለት የልጅነት ጓደኞችን ባቡር ጣቢያ ላይ ያገናኛል። ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ሆነዋል። ይሳሳማሉ፣ የተማሪነት ጊዜያቸውን ያነሣሉ። ቀጭኑ ስለ ኑሮው እያወራ ሳለ ወፍራሙ የደረሰበትን ማዕረግ ይነግረዋል፤ በዚያች ቅጽበት ቀጭኑ ይኮማተራል፣ አነጋገሩ ሁሉ ወደ ማጎንበስ ይለወጣል። ቼኾቭ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1883 መጀመሪያ ሲያወጣው ወፍራሙ የቀጭኑ የበላይ አለቃ ነበር። በ1886 ሲያሻሽለው ያን አወጣው። ቀጭኑ አሁን የሚያጎነብሰው ምንም ለማያደርገው ሰው ነው። ምክንያቱን በማውጣት ታሪኩ ኃይል አገኘ። አለቃን መፍራት ማንም ይገባዋል፤ ቢሮ ሰውን ምን ያህል እንደሚሠራው የሚታየው ግን ፍርሃቱ ከአለቃው በኋላም ሲቀር ነው።

እኛ የአማርኛ ደራስያን በዚህ ረገድ የሩሲያ ደራስያንን ያህል የታደልን ነን። አማርኛ አንድን ሰው ስናነጋግር በግሱ ቅርጽ ማን ከማን እንደሚበልጥ ይናገራል። ትናንት «አንተ» ይባባሉ የነበሩ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ የሥራ ሂደት መሪ ሆኖ ሲሾም ምን ይሆናሉ? በመጀመሪያው ሳምንት የሚሆነውን በትኩረት ያየ ሰው ያውቀዋል። ያልተሾመው «አንተ» ማለቱን ይፈራል፣ «እርስዎ» ማለቱ ደግሞ ያሳፍረዋል። ስለዚህ አድራጊ የሌለው አነጋገር ያበጃል። «ደብዳቤው ቢፈረም ጥሩ ነበር።» «ለስብሰባው ይገባል ወይስ ይቆያል?» «ሻይ ይምጣ?» ማን እንደሚፈርም፣ ማን እንደሚገባ፣ ሻዩ ለማን እንደሚመጣ አይናገርም። አዲሱ ተሿሚም ይሰማዋል፤ «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ» ሊለው ይችላል፣ ወይም ዝም ብሎ አነጋገሩን ይቀበላል። ዝም ካለ በሦስተኛው ሳምንት «እርስዎ» ይመጣል፣ ጓደኝነቱም ያኔ አለቀ። ይህን ሁሉ ስለ ሥልጣን አንድም ቃል ሳንሰብክ በምልልስ ብቻ መጻፍ እንችላለን። በዕድሜ ለሚበልጡ ዝቅተኛ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ዳይሬክተሯ የጽዳት ሠራተኛዋን «እትዬ» ካለቻት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ዳይሬክተሯን ሰው በሌለበት «ልጄ»፣ ሰው ባለበት «እርስዎ» ካለቻት፣ ሁለቱ ሴቶች በሁለት ሥርዓት ውስጥ እየኖሩ ነው። ደራሲው የትኛው ሥርዓት መቼ እንደሚያሸንፍ ማወቅ አለበት።

ስለ ምልልስ ካነሣሁ አይቀር፣ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን እርስ በርስ አይተረጉሙም። «እንደምታውቂው የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ለሚኒስቴሩ መድረስ ያለበት ዓርብ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ለአንባቢ እንጂ ለባልደረባው አይደለም። ባልደረቦች «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» «ከላይ ናት» ይባባላሉ። አንባቢ ግማሹን ባይገባው አትፍሩ። አዲስ ሠራተኛም በመጀመሪያው ወር ግማሹ አይገባውም፤ ሆኖም ማን ማንን እንደሚፈራ በሁለተኛው ቀን ያውቃል።

አሁን ወደ ሌላ ጎን ልሻገር። ባልደረባን ልዩ የሚያደርገው የምናውቀውና የማናውቀው ነገር ድንበር ነው። ስድስት ዓመት አብራን የተቀመጠች ሴት ሻይዋን በስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትጠጣ እናውቃለን፤ ቤቷ ስንት ክፍል እንደሆነ ግን አናውቅም። በእኛ አገር ይህ ድንበር የሚፈርስበት የታወቀ ቀን አለ፤ ለቅሶ። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ለቅሶ ሞልቷል፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚደርሱት ለቅሶ ግን ሲጻፍ እምብዛም አላየሁም። እስቲ አስቡት። ጠዋት ለሐዘንተኛዋ ባልደረባ መዋጮ የሚሰበሰብበት አንድ ወረቀት ከክፍል ክፍል ይዞራል። ኃላፊው ስሙን ጽፎ ፊት ለፊቱ 500 ብር ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ማንም ከ500 በላይ አይጽፍም፤ የቅርብ ጓደኛዋ እንኳ 1,000 ልትሰጥ አስባ 400 ትጽፋለች፣ ቀሪውን ለብቻው በእጅ ትሰጣለች። አንድ ሰው ስሙን ጽፎ የገንዘቡን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ወረቀቱን የምታዞረው ተላላኪ ይህን ታያለች፣ ምንም አትልም፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትመጣለች። በዚያች ወረቀት ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ታሪክ አለ።

ከሰዓት በኋላ በሰርቪሱ ይሄዳሉ። ድንኳኑ ውስጥ ቢሮ እንደሚቀመጡት በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ኃላፊው ከዳር፣ ሹፌሩ ከመጨረሻ። ባልደረባቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ አንዳንዶቹ ለአፍታ አያውቋትም። ከዚያ የሟች እህት ቀና ብላ አንዷን ታያትና «አንቺ ነሽ እንዴ እታለም? ስላንቺ ሁልጊዜ ትነግረን ነበር እኮ» ትላለች። እታለም ትደነግጣለች። በዚህ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስሟ ሲነሣ እንደኖረ አታውቅም ነበር። ምን ተብሎ ይሆን የተነገረው? ጥሩው ወይስ መጥፎው? አንድ ልብ ወለድ ከዚህች ጥያቄ ሊጀምር ይችላል።

አማርኛ ልብ ወለድ ሥራን ጨርሶ አላሳየም ማለቴ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚቀራረቡት በዕድል ገጥሟቸው አይደለም። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሊያስተምራት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅሩን በትምህርቱ ሰዓት ውስጥ አስቀመጡት፤ በአስተማሪና በተማሪ፣ በቀጣሪ ልጅና በተቀጣሪ መካከል ያለው ርቀት ፍቅሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ነው። ለዚህ ነው ፍቅሩን የምናምነው።

በዓሉ ግርማ ደግሞ ሥራውን ከውስጥ ያውቀው ነበር። ጋዜጣና መጽሔት በአዘጋጅነት መርቷል፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሠርቷል፣ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከቅርብ አይቷል። በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በግዳጅ ወደ አስመራ ይሄዳል። መጽሐፉን ሕያው ያደረገው ጦርነቱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ተልእኮ ላይ የተመደቡ፣ እርስ በርስ የሚፈላለጉና የሚጠባበቁ የመንግሥት ሰዎች ውሎ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ መሥሪያ ቤት መጻፍ በአገራችን ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ይህ ሌላ ጉዳይ ያስነሣል፤ ቸኩዬ ላልፈው አልፈልግም። ብዙዎቻችሁ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ናችሁ። ባልደረቦቻችሁን ልትጽፉ ነው ማለት ነው። ቡና ላይ ስለ ትዳሯ የነገረቻችሁ ሴት የነገረቻችሁ ለእናንተ እንጂ ለመጽሐፋችሁ አይደለም። የእኔ እምነት እንዲህ ነው፦ ሥራውን ውሰዱ፣ ምሥጢሩን ተዉት። ካዝናው እንዴት እንደሚዘጋ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚዞር፣ ኃላፊው ሲገባ ድምፅ እንዴት እንደሚቀንስ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ምሥጢሩን ራሳችሁ ፍጠሩት። ሥራው እውነት ከሆነ የፈጠራችሁት ምሥጢር ከሰማችሁት ይልቅ ይታመናል። ባልደረባችሁም ሰኞ ጠዋት ዐይናችሁን ሳትሸሽ ትገባለች።

ባልደረባነት ሥራው ካለቀ በኋላም ሊቀጥል እንደሚችል የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሴፋ እስጢፋኖስ ስለሚባል ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነው። ሴፋ በዋሽንግተን ትንሽ ሱቅ አለው፤ ማታ ማታ ሁለት ወዳጆቹ ይመጣሉ፣ አንዱ ኬንያዊ ሌላው ኮንጎዋዊ። ሦስቱ የተዋወቁት አሜሪካ እንደገቡ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀጥረው ሳሉ ነው። ሆቴሉን ከለቀቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ግን የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና የመፈንቅለ መንግሥቱን ዓመት ይናገራሉ። ትምህርት ያላቸው ሰዎች ሻንጣ ሲሸከሙ በኖሩበት ቤት የጀመረ ወዳጅነት እንዲህ ያለ የራሱ ሕግና የራሱ ቀልድ ያበቅላል። በሪያድም በቴል አቪቭም በዴንቨርም አብረው ሲያጸዱ፣ ሲያሽከረክሩ፣ ሕሙማን ሲንከባከቡ የተዋወቁ የአገራችን ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አላቸው። አብሮ መድከም ያስተዋወቀው ሰው በአገር ልጅነት ብቻ ከሚተዋወቀው የተለየ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እጠይቃችኋለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ነርስ አላችሁ፣ መምህር አላችሁ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የሕንፃ ተቋራጭ ሠራተኛ አላችሁ። ማታ ተረኛ ነርስ ለተረካቢዋ ምን ብላ ሕመምተኛ እንደምታስረክብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክንም አስቡት። በስፌት መስመር ላይ አንዷ ኪስ ትሰፋለች፣ ቀጣይዋ ኮሌታ፣ ቀጣይዋ እጅጌ፤ አንዷ ስትዘገይ ከሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ፣ የሰዓቱ ቁጥር ሳይሞላ ይቀራል፣ ተቆጣጣሪው ይመጣል። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ማታ በአንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ያድራሉ። ቀን ያዘገየቻትን ልጅ ማታ አጠገቧ ተኝታ ታገኛታለች። እኔ እስካነበብኩት ድረስ ይህን መስመር ከውስጥ ያሳየ የአማርኛ ልብ ወለድ አልገጠመኝም። ከመካከላችሁ መስመሩን የምታውቁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉት።